አርባ ፐርሰንት ቤት፣ መቶ ፐርሰንት ሰርቪስ ቻርጅ፦ በእንግሊዝ ሼርድ ኦነርሺፕ የገዛ ሰው ኪራዩንና ክፍያውን እንዴት ይከታተል?

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እህት ወረቀት ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ወንድሜ፣ አንተ ስለዚህ ነገር ታውቃለህ አሉኝ። እኔ የገዛሁት አርባ ፐርሰንት ነው። ታዲያ ሰርቪስ ቻርጁን ሙሉውን የሚያስከፍሉኝ ለምንድን ነው? ስድሳው የእነሱ አይደለም እንዴ?»

እኔም በ2019 ይችኑ ጥያቄ ጠይቄ የሚመልስልኝ አጥቼ ነበር። ሼርድ ኦነርሺፕ ማለት የቤቱን አንድ ድርሻ ገዝቶ ለቀረው ኪራይ መክፈል ነው፤ ሰርቪስ ቻርጅ ደግሞ ለሕንጻው የጋራ ወጪ የሚከፈል ነው። ሥራዬ አውቶቡስ መንዳት ነው፤ ጠበቃ አይደለሁም። ግን በደቡብ ምሥራቅ ለንደን ባለች ባለ አንድ መኝታ ቤቴ ምክንያት ከሃውሲንግ አሶሲዬሽን (ቀሪውን ድርሻ ከያዘው የቤቶች ድርጅት) ጋር ዓመታት ደብዳቤ ተጻጽፌአለሁ፤ አንዳንዱን ተሸንፌ፣ አንዳንዱን አሸንፌ ተምሬዋለሁ። እዚህ የምጽፈው ስለ እንግሊዝ ነው። ስኮትላንድ የምትኖሩ ሕጋችሁ ሌላ ነው።

ለእህታችን የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር። ድርሻው የሚቆጠረው ቤቱን ስትገዢና ኪራይ ስትከፍይ ነው። በሊዙ (በረጅሙ የቤት ውል) ላይ ግን የሙሉው ቤት ባለ ሊዝ አንቺ ነሽ። ስለዚህ የጽዳቱ፣ የሊፍቱ፣ የኢንሹራንሱ፣ የጣሪያው ወጪ ለቤትሽ የሚደርሰው መቶ በመቶ ካንቺ ይወጣል። አሥር ፐርሰንት ብትገዢም ሰባ አምስት ብትገዢም ያው ነው። «ይሄማ ግፍ ነው» አለች። ግፍ ነው አይደለም የሚለውን ለሻይ ሰዓት አቆይተን፣ ከፈረሙ በኋላ ምን ማድረግ ይቻላል ወደሚለው እንሂድ።

መጀመሪያ ኪራዩ

በየወሩ የሚወጣው ሦስት ክፍያ ነው፦ ለባንኩ ሞርጌጅ፣ ላልገዛችሁት ድርሻ ኪራይ፣ ከዚያ ሰርቪስ ቻርጅ። ኪራዩና ሰርቪስ ቻርጁ ብዙ ጊዜ በአንድ ዳይሬክት ዴቢት ስለሚወጡ ሰው አንድ ሒሳብ ይመስለዋል። አይደለም። የሚጨምሩበት ምክንያት ይለያያል፣ የምትከራከሩበት ቦታም ይለያያል። ስለዚህ ዛሬውኑ ደብዳቤአችሁን አውጡና ሁለቱን ለየብቻ ጻፉ።

የእኔን ልንገራችሁ። ቤቱ ስገዛው 320,000 ፓውንድ ነበር። እኔ አርባ ፐርሰንቱን በ128,000 ገዛሁ፤ ለዲፖዚቱ የእቁብ ዕጣዬ በደህና ጊዜ ወጥቶልኝ ነው። የቀረው 192,000 የእነሱ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ኪራይ ካልተሸጠው ድርሻ ዋጋ ከ3 ፐርሰንት መብለጥ የለበትም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስከፍሉት 2.75 ነው። የ192,000 2.75 ፐርሰንት በዓመት 5,280 ይመጣል፣ በወር 440 ፓውንድ። እናንተም የራሳችሁን በዚሁ መንገድ አስሉት። የመጀመሪያው ቁጥር ተሳስቶ ከሆነ ከዚያ በኋላ ያለው ጭማሪ ሁሉ ስሕተቱን ተሸክሞ ይሄዳል።

ጭማሪው በየዓመቱ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ኤፕሪል ላይ። እንደኔ ቀድሞ የገዛ ሰው ሊዙ ላይ የተጻፈለት «አር ፒ አይ ሲደመር 0.5 ፐርሰንት» የሚል ነው። አር ፒ አይ የድሮው የዋጋ ንረት መለኪያ ነው፣ ከአዲሱ መለኪያ ከሲ ፒ አይ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። ከኦክቶበር 2023 ወዲህ በወጣው አዲሱ የሊዝ ሞዴል ቀመሩ «ሲ ፒ አይ ሲደመር 1 ፐርሰንት» ሆኗል። የናንተ የቱ እንደሆነ የሚነግራችሁ ሊዛችሁ ብቻ ነው፤ ስልክ የምታነሣውን ልጅ አትመኑ።

ቀጥሎ የትኛው ወር ቁጥር እንደሚወሰድ እዩ። የእኔ ሊዝ የሴፕቴምበርን ይላል። በሴፕቴምበር 2022 አር ፒ አይ 12.6 ፐርሰንት ነበር። በሊዙ መሠረት ኪራዬ በ13.1 ፐርሰንት ማለትም ከ485 ወደ 548 ገደማ መውጣት ነበረበት። በዚያ ዓመት ብዙ ሃውሲንግ አሶሲዬሽኖች በፈቃዳቸው ጭማሪውን በ7 ፐርሰንት ስለገደቡት 519 ላይ ቆመልኝ። ያ ግን የአንድ ዓመት ምሕረት ነበር እንጂ መብት አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት 9.4 ፐርሰንት ጨመሩ። በ440 የጀመረው ኪራይ በኤፕሪል 2025 586 ደረሰ። ዋጋ ቢወርድ ኪራዩም ይወርዳል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ውሉ ወደ ላይ ብቻ እንዲሄድ ተደርጎ የተጻፈ ነው።

ስለዚህ የጭማሪው ደብዳቤ ሲመጣ የምትሠሩት ሦስት ነገር ነው። ያምናውን ኪራይ ያዙ፣ ሊዙ ያለውን ወር ቁጥር ከብሔራዊው የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ተመልከቱ፣ ግማሽ ወይም አንድ ፐርሰንቱን ጨምራችሁ አባዙ። በስልካችሁ ካልኩሌተር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ልክ ከሆነ ክፈሉ፤ በቀመር የመጣ ኪራይ ላይ የሚደረግ ክርክር ነፋስ መጎሰም ነው። ጉልበታችሁን ለሰርቪስ ቻርጁ አስቀምጡ።

የመጀመሪያው ዓመት ሰርቪስ ቻርጅ አያታልላችሁ

አዲስ ቤት ስትገዙ የሚነገራችሁ ሰርቪስ ቻርጅ ግምት ነው። ሕንጻው አዲስ ነው፣ ሊፍቱ ዋስትና ላይ ነው፣ ገና የተበላሸ ነገር የለም። የእኔ በመጀመሪያው ዓመት በወር 118 ፓውንድ ነበር። በሁለተኛው 163 ሆነ። በአራተኛው ዓመት 241 ሲገባ ባለቤቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላብጣ «ይሄ የወር ነው የዓመት?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ወረቀት እንዳለ እወቁ። አንዱ የበጀት ግምት ነው፤ ዓመቱ ከመጀመሩ በፊት፣ እኛ ጋ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይመጣል። ሁለተኛው ዓመቱ ካለቀ ከወራት በኋላ የሚመጣው የተከናወነ ሒሳብ ነው፤ «እንዲህ ገምተን ነበር፣ እውነተኛው ወጪ ይህ ሆነ» ይላል። ወጪው ከግምቱ ካነሰ ይመልሱላችኋል ወይም ለመጪው ዓመት ያዞሩታል፤ ከበለጠ ደግሞ ተጨማሪ ክፈሉ ይላሉ። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን አንብቦ ይናደዳል፣ ሁለተኛውን ሳይከፍተው መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። የተሳሳተው ነገር የሚገኘው ግን ሁለተኛው ላይ ነው።

ወረቀቱን ከፍታችሁ ስታነቡ መጀመሪያ የምትፈልጉት የቤታችሁን ድርሻ ነው። ሊዙ ከሕንጻው ወጪ ስንት እጅ እንደምትከፍሉ ይናገራል፤ ወይ በፐርሰንት፣ ወይ በካሬ ሜትር፣ ወይ «ተገቢው ድርሻ» ብሎ ያልፈዋል። ይህ ድርሻ ከገዛችሁት አርባ ፐርሰንት ጋር ዝምድና የለውም።

ከዚያ ማኔጅመንት ፊ የምትለዋን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ ትገኛለች። ምክንያቱም የብዙ ሕንጻዎች ባለቤት ሃውሲንግ አሶሲዬሽኑ አይደለም፤ እሱም ከላይ ካለ ፍሪሆልደር (ከዋናው የሕንጻና የመሬት ባለቤት) የተከራየ ነው። ፍሪሆልደሩ ማኔጂንግ ኤጀንት ይቀጥራል፣ ኤጀንቱ ክፍያውን ይጨምራል፣ ሃውሲንግ አሶሲዬሽኑ ደግሞ የኤጀንቱን ቢል ለእናንተ ሲያስተላልፍ የራሱን ይጨምርበታል። ደብዳቤ አስተላላፊውም ያስከፍላል ማለት ነው። ሊዙ የሚፈቅድ ከሆነ ሕጋዊ ነው፤ ግን ልክ መሆን አለበት፣ ምን እንደሚሠሩበትም መጠየቅ ትችላላችሁ።

ሪዘርቭ ፈንድ ወይም ሲንኪንግ ፈንድ የሚለው ለወደፊቱ ትልቅ ጥገና የሚጠራቀም ነው። ብዙ ሰው እሱን አይቶ ይበሳጫል። እኔ ሲያንስ ነው የምፈራው። ጣሪያው ሲያፈስ ሣጥኑ ባዶ ከሆነ በአንድ ቀን ሺዎች ትጠየቃላችሁ። ስንት እንዳለ መጠየቅ ትችላላችሁ። ቤቱን ስትሸጡ ግን የከፈላችሁት አይመለስላችሁም፣ ከሕንጻው ጋር ይቀራል።

የሕንጻው ኢንሹራንስም እዚሁ ውስጥ ነው። የቤት ዕቃችሁን ግን አይሸፍንም፤ እሱን ለብቻ ግዙ።

ደረሰኝ አሳዩን ማለት

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። በ1985 የወጣው የላንድሎርድ ኤንድ ቴናንት አክት ለእኛ ለሊዝሆልደሮች ጥሩ ጥሩ መብቶች አሉት፣ ሼርድ ኦነርም ውስጥ አለ። የሴክሽኖቹን (የሕጉን አንቀጾች) ቁጥር በቃል ያዙ፤ ደብዳቤ ውስጥ ቁጥር ሲያዩ ድምፃቸው ይለወጣል።

ሴክሽን 19 ወጪው ምክንያታዊ፣ ሥራውም ተገቢ ጥራት ያለው መሆን አለበት ይላል። በሴክሽን 21 የወጪዎቹን ማጠቃለያ በጽሑፍ ትጠይቃላችሁ። ማጠቃለያው በደረሳችሁ በስድስት ወር ውስጥ ደግሞ በሴክሽን 22 ደረሰኞቹንና ኢንቮይሶቹን ለማየት ትጠይቃላችሁ፤ በአንድ ወር ውስጥ መዝገቡን ሊከፍቱላችሁና ለሁለት ወር ክፍት አድርገው ሊያቆዩላችሁ ይገባል።

እኔና ጎረቤቴ ይህን አድርገነዋል። እሷ ጋናዊት ናት፣ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች፣ ቁጥር ላይ ዓይኗ እንደ ጭልፊት ነው። ማለዳ ሺፍቴን ጨርሼ፣ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር ቢሯቸው ሄድን። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ፋይል አስቀመጡልን። ልጅቷ «የምትፈልጉትን ፎቶ አንሡ» ብላ ወጣች። የጽዳቱን አየን፣ ደህና ነው። የኮሪደር መብራቱን አየን፣ ደህና ነው። ሊፍቱ ጋ ስንደርስ አራት ኢንቮይስ አለ። ጎረቤቴ ጣቷን አንዱ ላይ አድርጋ ዝም አለች። «ብሎክ ሲ» ይላል። የእኛ ብሎክ ኤ ነው። ሌላውን ገለጥን፣ እሱም «ብሎክ ሲ»። አንዱ 1,456፣ አንዱ 840 ፓውንድ። የጎረቤቶቻችን ሊፍት ተበላሽቶ የጠገንነው እኛ ኖረናል።

ሁለቱ ሲደመሩ 2,296 ነው። ለ28 ቤት ሲካፈል በየቤቱ 82 ፓውንድ ይመጣል። ብዙ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ማንም ባይጠይቅ ኖሮ ማንም አይነግረንም ነበር። በኢሜይል የሁለቱን ኢንቮይስ ፎቶ አያይዘን፣ ቀኑንና ቁጥሩን ጠቅሰን ላክን። ሰባት ሳምንት ፈጅቶ ለሁሉም ቤት ተመለሰ። ስሕተት ነው አሉ። ስሕተት ሊሆን ይችላል፣ ሰው ይሳሳታል። ከዚያ ወዲህ ግን በየዓመቱ እንሄዳለን።

ደብዳቤ ስትጽፉ አጭር ይሁን። የቤት ቁጥር፣ የሒሳብ ዓመቱ፣ የምትጠይቁት ነገር፣ የሴክሽኑ ቁጥር፣ ቀን። ምሬታችሁን ለወዳጅ ንገሩ፣ ለእነሱ ቁጥር ብቻ። በስልክ የተባለውን ሁሉ ወዲያው በኢሜይል «ዛሬ እንዲህ ብላችሁኛል» ብላችሁ መልሱላቸው። ከተቻለ ከጎረቤት ጋር ጻፉ፤ ድር ቢያብር የሚባለው እዚህ ሰፈርም ይሠራል።

ሌሎች ጠቃሚ ቁጥሮች

በሴክሽን 20 መሠረት ከአንድ ሊዝሆልደር ከ250 ፓውንድ በላይ የሚያስወጣ የጥገና ሥራ ከሆነ አስቀድመው በጽሑፍ ሊያማክሯችሁ ይገባል። ከዓመት በላይ የሚቆይ የአገልግሎት ውል ሲፈርሙም፣ በዓመት ከአንድ ሰው ከ100 ፓውንድ የሚያልፍ ከሆነ እንዲሁ። ሳያማክሩ ከሠሩት፣ ትሪቡናል (እንዲህ ያለውን ክርክር የሚዳኘው ችሎት) ካልፈቀደላቸው በቀር፣ ከእናንተ የሚሰበስቡት በዚያው 250 ወይም 100 ይገደባል። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሲመጣ ሐሳብ ለመስጠት 30 ቀን አላችሁ፤ እባካችሁ እንደ ፒዛ ማስታወቂያ አትጣሉት።

የ18 ወር ደንብም አለ፣ ሴክሽን 20ቢ። ወጪው ከወጣ ከ18 ወር በኋላ ቢል ከላኩ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ካላስታወቋችሁ በስተቀር መክፈል የለባችሁም። አሮጌ ቢል ሲመጣ መጀመሪያ የምታዩት የኢንቮይሱን ቀን ነው። ሌላው፣ ማንኛውም የሰርቪስ ቻርጅ ጥያቄ መብትና ግዴታችሁን ከሚዘረዝር ወረቀት ጋር መምጣት አለበት።

ፎቅ ውስጥ ለምትኖሩ፦ ከለንደኑ የግሬንፌል ፎቅ ቃጠሎ በኋላ የመጣው የ2022 የሕንጻ ደህንነት ሕግ ከ11 ሜትር ወይም ከአምስት ፎቅ ላላነሰ ሕንጻ ጥበቃ አለው። ጥበቃው የሚመለከተው ሊዝሆልደር አደገኛ ክላዲንግ (የሕንጻውን የውጭ ልባስ) ለማንሣት አይጠየቅም፤ ለሌላው የእሳት ደህንነት ጥገና ደግሞ የክፍያ ጣሪያ ተበጅቶለታል። ለሼርድ ኦነር ያ ጣሪያ በድርሻው ልክ ይቀንሳል። አርባ ፐርሰንት በእውነት አርባ ሆኖ ያየሁበት ብርቅ ቦታ ይህ ነው።

አትክፈሉ የሚላችሁን አትስሙ

ዋትሳፕ ላይ «ዳይሬክት ዴቢቱን አቋርጡት፣ ያኔ ይደነግጣሉ» የሚል ምክር ይዞራል። የሚደነግጡት እናንተ ናችሁ። ዕዳ ሲከማች ላንድሎርዱ ለሞርጌጅ ባንኩ ይጽፋል፤ ባንኩ ቤቱን እንዳያጣ ብሎ ይከፍልና ሞርጌጃችሁ ላይ ሊደምረው ይችላል። በኪራይ ዕዳማ ቤቱን እስከ ማጣት የሚያደርስ ክስ ሊመጣ ይችላል። እኔ የማደርገው ከፍዬ «እየተቃወምኩ የከፈልኩ ነው» ብሎ መጻፍ ነው። መክፈል ብቻውን ማመን አይደለም፤ የፈረማችሁት ስምምነት ከሌለ ትሪቡናል የመሄድ መብታችሁ አይጠፋም።

ቅሬታ ስታቀርቡ መንገዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ለሃውሲንግ አሶሲዬሽኑ በመደበኛ ቅሬታ፣ አልረኩም ከሆነ ሁለተኛ ደረጃ፣ ከዚያ ሃውሲንግ ኦምቡድስማን (የቤት ቅሬታ የሚመረምር ገለልተኛ አካል)። ኦምቡድስማን በነጻ ነው። የሚያየው ግን አያያዛቸውን ነው፦ መልስ አለመስጠት፣ መዘግየት፣ መዝገብ መደበቅ። «ይህ ክፍያ በዛ፣ ልክ አይደለም» የሚለውን የሚወስነው ፈርስት ቲር ትሪቡናል ነው። እዚያ ጠበቃ ግዴታ አይደለም። ስታመለክቱ በሴክሽን 20ሲ የክርክሩን ወጪ በሰርቪስ ቻርጅ በኩል ተመልሰው እንዳያስከፍሏችሁ ትእዛዝ ጠይቁ፤ ይህን የማያውቅ ሰው አሸንፎም ሊከፍል ይችላል። ከዚያ በፊት ግን ሊዝሆልድ አድቫይዘሪ ሰርቪስን ጠይቁ፣ ምክሩ ነጻ ነው።

ሥራ የቀነሰባችሁ ወይም የታመማችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ሼርድ ኦነር ዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢው ላነሰ ሰው የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ) ውስጥ ለኪራዩና ተቀባይነት ላላቸው ሰርቪስ ቻርጆች ድጋፍ ሊያገኝ ይችላል፣ ለሞርጌጁ ግን አይደለም። «ቤት ገዝተሃል፣ አይመለከትህም» ተብሎ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። ድጋሚ ሄዶ ተሰጠው።

ድርሻ ስትጨምሩ

ስቴርኬሲንግ የሚሉት ነው። አሥር ፐርሰንት ብጨምር ያልተገዛው ከስድሳ ወደ ሃምሳ ይወርዳል፣ ኪራዬም ከ586 ወደ 488 ገደማ። ሰርቪስ ቻርጁ በሳንቲም አይቀንስም። መቶ ፐርሰንት ብትሞሉም ኪራዩ ይቀራል እንጂ ፎቅ ላይ እስካላችሁ ድረስ ሰርቪስ ቻርጁ ይከተላችኋል። የምትከፍሉት በዛሬው ዋጋ ነው፤ የገማች፣ የሶሊሲተር ወጪም አለ። ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ ከመጨመር አጠራቅሞ አንዴ መጨመር ይሻላል ባይ ነኝ። ከ2021 ወዲህ በመጣው አዲሱ ሞዴል የገዙ ግን ለ15 ዓመት በየዓመቱ አንድ አንድ ፐርሰንት ያለ ገማች መጨመር ይችላሉ፤ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታትም ለጥገና በዓመት እስከ 500 ፓውንድ ከላንድሎርዱ መጠየቅ ይፈቀድላቸዋል። እኔ ያንን አላገኘሁም፤ ቦይለሬን ያሠራሁት በኪሴ ነው።

ገና ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ከሌላ ሰው የምትገዙ ከሆነ የሦስት ዓመት የተከናወነ ሒሳብ እንጂ ግምት አትቀበሉ። ሶሊሲተራችሁ ኤል ፒ ኢ 1 የሚባለውን ፎርም አስሞልቶ ስለ ሪዘርቭ ፈንዱና ስለሚመጣ ትልቅ ጥገና መልስ በጽሑፍ ያምጣ። አዲስ ሕንጻ ከሆነ የተነገራችሁን ሰርቪስ ቻርጅ በእጥፍ አስባችሁ ደመወዛችሁ ይችለው እንደሆነ እዩ። ካልቻለ አትፈርሙ።

ወደ እህታችን ልመለስ። ወረቀቷን አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አየነው። ያምናው የተከናወነ ሒሳብ ነው፣ ሳይከፈት አራት ወር ቆይቷል። ኢንሹራንሱ ከግምቱ በእጥፍ በልጧል፣ ማኔጅመንት ፊ ሁለት ቦታ አለ። የሴክሽን 21 ደብዳቤውን እዚያው በስልኳ ጻፍንና ላከችው። ሊዝሽ የት አለ ስላት ግን አታውቅም። ሶሊሲተሯ ጋ ከሌለ ከላንድ ሬጅስትሪ (ከመሬት መዝገብ ቤት) በጥቂት ፓውንድ ይገኛል፣ እሱን እስክታመጣ የሚቀጥለውን እሑድ ቀጠሮ ያዝን።